«ፕሩፍ» የአሠራር ስም ነው፦ የጀርመን ሳንቲም ለምትገዙና ለምትሸጡ

ክቡር አዘጋጅ፣

ከጀርመን የሚመጡ ሳንቲሞች በየማስታወቂያው «ፕሩፍ» እየተባሉ ይሸጣሉ። ሳንቲሙ ካብለጨለጨ ፕሩፍ ነው ይባላል፤ ፕሩፍ ከተባለ ደግሞ ውድ ነው ተብሎ ይታመናል። ሁለቱም ልክ አይደሉም፤ በሁለቱም ምክንያት የሰው ገንዘብ እየጠፋ ነው። ጀርመን በሚኖሩ ብዙ ወገኖቻችን ቤት፣ ከፍሎማርክት (ከአሮጌ ዕቃ ገበያ) የተገዛ ወይም በስጦታ የተገኘ የማርክ (ከዩሮ በፊት የነበረው የጀርመን ገንዘብ) እና የዩሮ ሳንቲም በመሳቢያ ውስጥ አይጠፋም። አንዳንዱም ወደ አዲስ አበባ ይላካል፤ እዚያ ሻጩም ገዢውም በግምት ይደራደራሉ። ይህን ደብዳቤ ብታወጡልን ቢያንስ ግምቱ ይቀንሳል ብለን እናምናለን። የምንጠቅሳቸው ዓመቶች ሁሉ ሳንቲሞቹ ላይ እንደተጻፉት በፈረንጆች አቆጣጠር ናቸው።

ከሁሉ በፊት መታወቅ ያለበት፣ ፕሩፍ ማለት ሳንቲሙ የተሠራበት መንገድ እንጂ የተያዘበት ሁኔታ አለመሆኑ ነው። ተራ ሳንቲም በማሽን በፍጥነት እየታተመ ወደ ሳጥን ይራገፋል፤ ገና እዚያው እርስ በርሱ ይጋጫል። ለፕሩፍ ግን ያልታተመው ክብ ብረትም፣ ምስሉን የሚያሳርፈው የማተሚያ ብረትም አስቀድመው መስታወት እስኪመስሉ ይወለወላሉ። ምስሉ የሚወጣበት የማተሚያው ጎድጓዳ ክፍል ደግሞ ሆን ተብሎ ይሻከራል። ከዚያ እያንዳንዱ ሳንቲም ቢያንስ ሁለቴ ይመታል፣ በጥንቃቄ ለብቻው ይነሳል፣ ይታሸጋል። በዚህ ምክንያት ባዶው ገጽ እንደ ጥቁር መስታወት ሲሆን፣ ጎልቶ የወጣው ምስል ጉም የለበሰ ነጭ ይሆናል። እንዲህ የተሠራ ሳንቲም በኪስ ውስጥ ዓመት ቢዞር የተጎዳ ፕሩፍ ነው እንጂ ተራ ሳንቲም አይሆንም። ተራውም የፈለገውን ያህል ቢወለወል ፕሩፍ አይሆንም።

ጀርመኖች ይህን አሠራር «ፖሊርተ ፕላተ» ይሉታል፤ ነጋዴው ሲያሳጥረው «ፔፔ» ነው። በመንግሥት የሽያጭ ወረቀት ላይ «ሽፒግልግላንትስ» ተብሎ ይጻፋል፤ ሁለቱም አንድ ነገር ናቸው። «ሽቴምፕልግላንትስ» ግን ሌላ ነው። የሁለቱ ቃላት መጨረሻ ተመሳሳይ ስለሆነ ብዙ ሰው ይሳሳታል። ሽቴምፕልግላንትስ ማለት በተራው መንገድ ታትሞ በደንብ የተጠበቀ፣ ያልተነካካ ሳንቲም ማለት ነው። «ባንክፍሪሽ» ደግሞ ከዚያ ዝቅ ብሎ፣ ከባንክ ጥቅል እንደወጣ ያለ፣ ጥቃቅን የግጭት ምልክት ያረፈበት ነው። ስለዚህ በወረቀቱ ላይ የትኛው ቃል እንዳለ ፊደል በፊደል አንብቡ። ከ2002 ጀምሮ የሚወጣው ባለ 100 ዩሮው የወርቅ ሳንቲም፣ 15.55 ግራም ንጹሕ ወርቅ ሆኖ ሳለ፣ የሚታተመው በሽቴምፕልግላንትስ ነው። ውድነቱ ከወርቁ የመጣ ስለሆነ «ፕሩፍ ወርቅ» ብሎ ተጨማሪ ገንዘብ የሚጠይቅ ሻጭ ተሳስቷል።

«ፕሮበ» የሚል ቃል የተቀረጸበት ነገር ካያችሁ ደግሞ ፈጽሞ ከፕሩፍ ጋር አታምታቱት። ፕሮበ ሙከራ ማለት ነው። ዩሮ ባልገቡ አገሮች ስም የወጡት «የሙከራ ዩሮዎች» የግል ድርጅቶች ያሳተሟቸው ጌጦች እንጂ ገንዘብ አይደሉም። በቴሌቪዥንና በፖስታ የሚሸጡ ሜዳሊያዎችም እንዲሁ ናቸው፤ በመስታወት አሠራር ተሠርተው «ፔፔ» ቢባሉም፣ የማርክ ወይም የዩሮ ዋጋ ካልተጻፈባቸው ሳንቲም አይደሉም። ወርቅ የተቀባ ባለ 2 ዩሮም 2 ዩሮ ነው፤ ሰብሳቢ እንደተበላሸ ስለሚቆጥረው ከዚያ በላይ አይከፍልበትም። አብሮት ያለው ያማረ የምስክር ወረቀት ይህን አይለውጥም።

አሁን ሳንቲሙን ወደ እጅ እናምጣ። ጠረጴዛ ላይ ወፍራም ለስላሳ ጨርቅ አንጥፉ፤ ቢወድቅ እንዳይጎዳ ነው። አንድ አምፖል ያለው የጠረጴዛ መብራት፣ 10 እጥፍ የሚያጎላ የእጅ ማጉያ መነጽር፣ እስከ አንድ ግራም መቶኛ ድረስ የሚመዝን የወርቅ ቤት ሚዛን፣ አንድ ማግኔት ይበቃል። ሳንቲሙን በጠርዙ ብቻ ያዙ።

በመጀመሪያ ሳንቲሙን በመብራቱ ሥር ቀስ እያላችሁ አዘንብሉት። በተራው ባልተነካካ ሳንቲም ላይ ብርሃኑ እንደ ጋሪ መንኮራኩር ዘንጎች ከመሃል ወደ ዳር እየተሽከረከረ ይዞራል። ይህ የሚሆነው ብረቱ በማተሚያው ሥር ወደ ውጭ ሲፈስ የሚተዋቸው ጥቃቅን መስመሮች ስላሉ ነው። በፕሩፍ ላይ ይህ ሽክርክሪት የለም፤ ገጹ በአንድ ማዘንበል ሙሉ በሙሉ ይጠቁራል፣ በሌላው ሙሉ በሙሉ ይበራል። ቀጥሎ ሳንቲሙን በዚህ ጋዜጣ ጽሑፍ ላይ ቀጥ አድርጋችሁ አቁሙና ባዶው ገጽ ላይ የሚታየውን ነጸብራቅ አንብቡ። በጥሩ ፕሩፍ ላይ ፊደሎቹ ጥርት ብለው ተገልብጠው ይነበባሉ፤ ሳንቲሙን ከወረቀቱ ብታርቁትም ወዲያው አይደበዝዙም። በተራው ላይ ግን ጥቂት እንደራቀ ጉም ይሆናሉ።

የተወለወለውን ከፕሩፍ የሚለየው ማጉያ መነጽሩ ነው። አንድ ፊደል ምረጡ፣ ለምሳሌ በ«ዶይችላንድ» ቃል ውስጥ ያለውን «ኤ»፣ ክንዶቹ ከገጹ ጋር የሚገናኙበትን ጥግ ተመልከቱ። የሚወለውል ጨርቅ እዚያ ጥግ አይገባም። ስለዚህ በተወለወለ ሳንቲም ላይ ገጹ እያንጸባረቀ ጥጉ ደብዛዛ ሆኖ ይቀራል፤ የፊደሉም ጠርዝ እንደ ያለቀ ሳሙና ክብ ይላል። በፕሩፍ ላይ መስታወቱ እስከ ጥጉ ድረስ ይደርሳል፤ የፊደሉ ጠርዝም እንደ ምላጭ ቀጥ ብሎ ይወጣል። ከዚያ በባዶው ገጽ ላይ ያሉትን ቀጫጭን መስመሮች ፈልጉ፤ በፕሩፍም ላይ ይኖራሉና አትደንግጡ። ማተሚያ ብረቱ ሲወለወል የተፈጠሩት መስመሮች በሳንቲሙ ላይ ከገጹ ከፍ ብለው ነው የሚታዩት፤ ምስሉ ጋ ሲደርሱም ይቆማሉ። ምክንያቱም ማተሚያው ሲወለወል የምስሉ ክፍል ጎድጓዳ ስለሆነ መወልወያው አልነካውም። ሳንቲሙ ከታተመ በኋላ በጨርቅ የመጣ ጭረት ግን ወደ ውስጥ የገባ ነው፤ ከገጹ ተነሥቶ በሳንቲሙ ላይ ያለውን የንስር ምስል ክንፍ አቋርጦ ያልፋል። ይህን አንድ ልዩነት ማየት የለመደ ሰው ከብዙ ኪሳራ ይድናል።

አያቶቻችን የማሪያ ቴሬዛን ብር ሲቀበሉ የእመቤቲቱን ዕንቁዎች አንድ በአንድ ይቆጥሩ ነበር። እዚህም የሚያስፈልገው ያው ዓይን ነው።

አንድ ጥንቃቄ ግን አለ። በ1950ዎቹ የታተሙት የምዕራብ ጀርመን ፕሩፎች እንደ ዛሬዎቹ ወፍራም ነጭ ጉም የላቸውም፤ ምስላቸው ራሱ ሊያንጸባርቅ ይችላል። ስለዚህ ለእነሱ «ጉም የለውም፣ ፕሩፍ አይደለም» ማለት ስህተት ነው። በአንጻሩ፣ አዲስ በተወለወለ ማተሚያ የወጡት የመጀመሪያዎቹ ተራ ሳንቲሞች መስታወት ይመስላሉ፤ ጀርመኖች «ኤርስትአብሽላግ» ይሏቸዋል። እነሱን የሚያጋልጣቸው ዳርቻቸው ነው፦ ከፍ ያለው የዳር ከንፈር ክብ ይላል፣ የቁጥሮቹም ጠርዝ የፕሩፍን ያህል አይሰላም። በዚህ ዘመን ሳንቲሞች ላይ ልዩነቱ ብዙ ገንዘብ ስለሆነ፣ እርግጠኛ ያልሆነ ሰው የጨረታ ቤት ባለሙያ ሳያየው ገንዘብ ባያወጣ ይሻላል።

ቀጥሎ የማተሚያ ቤቱን ፊደል ፈልጉ። አምስት ናቸው፦ «አ» በርሊን፣ «ዴ» ሙኒክ፣ «ኤፍ» ሽቱትጋርት፣ «ጌ» ካርልስሩሄ፣ «ዮት» ሀምቡርግ። በርሊን የተጨመረችው ከምሥራቅና ምዕራብ ጀርመን ውህደት በኋላ ነው። ይህ ፊደል ለመለየትም ይረዳል። ከ1998 እስከ 2001 በወጡት ባለ 10 ማርክ የመታሰቢያ ሳንቲሞች፣ ተራው ከአንድ ማተሚያ ቤት ብቻ ሲወጣ ፕሩፉ ከአምስቱም ወጥቷል። ስለዚህ የተራው ፊደል የትኛው እንደሆነ ካወቃችሁ፣ ሌላ ፊደል የያዘው ገና ሳትመረምሩት ፕሩፍ መሆኑ ይታወቃል፤ ከማሸጊያው ወጥቶ ቢደበዝዝም እንኳ።

በነጋዴ ዝርዝር ላይ «ዮት 388» የሚል ነገር ስታዩ ሀምቡርግ አትበሉ። ያ «ዮት» ዬገር የተባለው የሳንቲም መዝገብ ተራ ቁጥር ነው፤ የጀርመን ነጋዴ ሁሉ የሚግባባበት። 388 የ1952ቱ የኑርንበርግ ሙዚየም መታሰቢያ ባለ 5 ማርክ ነው፤ እሱም የታተመው ሙኒክ ነው። ይህ መመሳሰል ሀምቡርግ ያልታተመን ሳንቲም የሀምቡርግ አድርጎ እስከ መሸጥ አድርሷል።

ብረቱን በሚመለከት ሰው ብዙ የሚሳሳትባቸው ሁለት ጊዜያት አሉ። የመጀመሪያው 1979 ነው። እስከዚያ ዓመት ባለ 5 ማርክ መታሰቢያዎች 625 ንጥረት ያለው (ከሺህ 625 እጁ ንጹሕ ብር የሆነ) ብር ነበሩ፤ ክብደታቸው 11.2 ግራም፣ ስፋታቸው 29 ሚሊ ሜትር። በዚያው ዓመት የብር ዋጋ ሲንር ወደ ኒኬልና መዳብ ተቀየሩ፣ ክብደታቸውም 10 ግራም ሆነ። ውስጣቸው ኒኬል ስላለ ማግኔት ይስባቸዋል። ከዚያ እስከ 1986 የወጡት በፕሩፍም በብዛት ታትመዋል፤ በየቤቱ በላስቲክ ታሽገው የሚገኙት በአብዛኛው እነዚህ ናቸው። መስታወታቸው ያማረ ነው፤ ዋጋቸው ግን በላያቸው ከተጻፈው ብዙ አይርቅም።

ሁለተኛው ከ2011 እስከ 2015 ያለው ነው፤ እዚህ ላይ ፕሩፍ መሆን አለመሆኑ የብረቱን ዓይነት ራሱን ይወስናል። በእነዚህ ዓመታት የወጣው ባለ 10 ዩሮ ተራው ከመዳብና ከኒኬል የተሠራ 14 ግራም ነው፤ ፕሩፉ ብቻ 625 ብር ሆኖ 16 ግራም ይመዝናል። ስፋታቸው አንድ ነው፣ 32.5 ሚሊ ሜትር፤ ምስላቸውም አንድ ነው። ስለዚህ በፎቶ ብቻ አይገዛም። ሚዛን ላይ አስቀምጡት፤ 14 ካለ ብር የለውም፣ አለቀ። ከ2002 እስከ 2010 የወጡት ግን ተራውም ፕሩፉም 925 ብር፣ 18 ግራም ናቸው። ከ2016 ጀምሮ የመጡት ባለ 20 ዩሮዎችም በዚያው ክብደትና ንጥረት ተሠርተዋል።

ወደ ዋጋው ስንመጣ፣ ሦስት ወለሎች አሉ፤ ሳንቲሙ ከሦስቱ ከፍተኛው በታች መሸጥ የለበትም። አንዱ የተጻፈበት ዋጋ ነው። የጀርመን ፌዴራል ባንክ ማርክን ዛሬም ያለ ጊዜ ገደብ በዩሮ ይለውጣል፤ 1 ዩሮ በ1.95583 ማርክ። ስለዚህ ባለ 10 ማርኩ 5.11 ዩሮ፣ ባለ 5 ማርኩ 2.56 ዩሮ ነው። የምሥራቅ ጀርመን ማርክ ግን አይለወጥም። ባለ 10 እና ባለ 20 ዩሮ የመታሰቢያ ሳንቲሞች ሕጋዊ መገበያያነታቸው ጀርመን ውስጥ ብቻ ስለሆነ፣ ፓሪስ ወይም ሮም ያለ ሱቅ አይቀበላቸውም።

ሁለተኛው ወለል ብሩ ነው። ክብደቱን በንጥረቱ አባዙ። ባለ 5 ማርኩ 7 ግራም ንጹሕ ብር አለው። ከ1972 እስከ 1997 ባሉት ባለ 10 ማርኮች 15.5 ግራም በ0.625 ሲባዛ 9.69 ግራም ይሆናል፤ ከ1998 በኋላ ባሉት በ0.925 ሲባዛ 14.34። ባለ 10 ዩሮው እስከ 2010 ድረስ 16.65 ግራም፣ ከ2011 እስከ 2015 ያለው ፕሩፍ ልክ 10 ግራም፣ ባለ 20 ዩሮው 16.65 ግራም። ገበያው ብርን በአውንስ ነው የሚጠራው፤ አንዱ አውንስ 31.1 ግራም ነው። የብር ዋጋ በአውንስ ከ18.70 ዩሮ በላይ ሲሆን የ2002 እስከ 2010ዎቹ ባለ 10 ዩሮ በውስጡ ያለው ብር ከተጻፈበት ዋጋ ይበልጣል። ለባለ 20 ዩሮው ይህ ወሰን 37.40 ዩሮ ገደማ ነው። የዕለቱን ዋጋ ሳታዩ አትሽጡ።

ሦስተኛው ሰብሳቢው የሚጨምረው ነው። ፕሩፍ የሚለው ቃል ብዙ ሰው የሚያታልለው እዚህ ላይ ነው። የ1972ቱ የሙኒክ ኦሊምፒክ ባለ 10 ማርኮች በብዙ ሚሊዮን ታትመዋል፤ ፕሩፎቻቸውም በመቶ ሺዎች ናቸው። በመጀመሪያው ላይ «በዶይችላንድ» ተብሎ የተጻፈው በኋላ «በሙንሽን» መተካቱ ጥሩ ታሪክ ነው፤ ግን ሁለቱም ብርቅ አይደሉም። እንዲህ ላሉት ነጋዴ የሚከፍለው የብሩን ዋጋ ወይም ትንሽ ከዚያ በላይ ነው። በየዓመቱ በጥቅል የሚሸጡት የ2 ዩሮ መታሰቢያ ፕሩፎችም ከፍለን የገዛንበትን የሚመልሱት አልፎ አልፎ ነው።

እውነተኛው ገንዘብ ያለው በመጀመሪያዎቹ አምስት ባለ 5 ማርክ መታሰቢያዎች ላይ ነው፦ የ1952ቱ ሙዚየም፣ የ1955ቱ ባለቅኔው ሺለር፣ የዚያው ዓመት የባደኑ መስፍን፣ የ1957ቱ ባለቅኔው አይሸንዶርፍ፣ የ1964ቱ ፈላስፋው ፊሽተ። የመጀመሪያዎቹ አራቱ እያንዳንዳቸው በጠቅላላ 200,000 ብቻ ታትመዋል፤ ከዚያም ውስጥ ፕሩፉ ለአንዱም ከ2,000 አይበልጥም። ፊሽተ 500,000 ሲሆን ፕሩፉ 5,000 ነው። በተራና በፕሩፍ መካከል ያለው የዋጋ ልዩነት በእጥፎች የሚቆጠረው እዚህ ስለሆነ ሐሰተኛውም፣ የተወለወለውም እዚህ ይበዛል። ሚዛን 11.2 ግራም ማሳየት አለበት። ጠርዙን ደግሞ ዞራችሁ አንብቡ፤ ሺለር ጠርዝ ላይ «ዛይት አይኒሽ አይኒሽ አይኒሽ»፣ በባደኑ ላይ «ሺልድ ደስ ራይሸስ» የሚል አለ። በቅርጽ የፈሰሰ ሐሰተኛ የፊቱን ምስል ቢኮርጅም ጠርዙ ላይ ፊደሉ ይደበዝዛል ወይም የመገጣጠሚያ መስመር ይታይበታል። የ1958ቱ የሀምቡርግ ባለ 5 ማርክም 60,000 ብቻ ስለታተመ ፊደሉን ከሌላ ሳንቲም ላይ እየለወጡ የሚያታልሉ አሉ፤ «ዮት»ዋን በመነጽር ዙሪያዋን ሳታዩ አትግዙ።

ዋጋ ስትፈልጉ ኢንተርኔት ላይ ሻጩ የጠየቀውን አትመልከቱ፤ የተሸጠበትን ተመልከቱ። የገበያ ድረ ገጾች የተሸጡትን ብቻ የሚያሳይ ማጣሪያ አላቸው፤ የጨረታ ቤቶችም የመጨረሻ ውጤታቸውን ያወጣሉ። መግለጫው ላይ «ቤሩርት» ካለ ተነክቷል ማለት ነው፤ በፕሩፍ ላይ አንድ የጣት አሻራ ዋጋውን በግልጽ ይቀንሳል። ሳንቲሙን በደረጃ ሰጪ ድርጅት ማሳሸግ ደግሞ ክፍያው ብዙ ጊዜ ከሳንቲሙ ይበልጣል፤ ለውዶቹ ብቻ ነው የሚያዋጣው።

በመጨረሻ ስለ አያያዙ። ከታሸገበት አታውጡት፤ ማሸጊያው ራሱ የዋጋው አካል ነው። ከወጣ ግን በጣት አትንኩት፤ ላብ ውስጥ ያለው ጨውና አሲድ መስታወቱን ይበላዋል፣ ከቆየም አይለቅም። ቤት ውስጥ የብር መስቀልና ጌጥ በሎሚ፣ በአመድ፣ በጥርስ ሳሙና ማጽዳት የተለመደ ነው፤ ለፕሩፍ ሳንቲም ግን እነዚህ ሞት ናቸው። አንዴ የተፈተገ መስታወት አይመለስም። በለስላሳ ላስቲክ አልበም ውስጥ የቆየ ሳንቲም ላይ የሚያጣብቅ አረንጓዴ ቅባት ካያችሁ፣ ከላስቲኩ የወጣ ነውና በንጹሕ አሴቶን ይለቃል። በብርጭቆ ሳህን ውስጥ አምስት ደቂቃ ዘፍዝፉት፤ ሳትፈትጉ በጠርዙ አንሡት፤ በንጹሕ አሴቶን አንዴ አለቅልቁት፤ በራሱ ይድረቅ። መስኮት ክፈቱ፣ እሳት አታቅርቡ። የጥፍር ቀለም ማስለቀቂያ አይተካውም፤ ሽቶና ዘይት ስላለበት ሌላ እድፍ ይተዋል።

ከ2016 ጀምሮ የመጡት፣ መሃላቸው ላይ ባለ ቀለም የፕላስቲክ ቀለበት ያላቸው ባለ 5 ዩሮዎች ግን አሴቶን እንዳይነካቸው። አሴቶን ፕላስቲኩን ሊያበላሸው ይችላል።

ከአክብሮት ጋር፣
በጀርመን የሚኖሩ ሳንቲም ሰብሳቢዎች